ወዳጅ ስለ ወዳጁ የሰጠው ፈቃድ
ማኅበራዊ መገናኛዎች የግል መረጃን የሰበሰቡበትና ያካፈሉበት ታሪክ፣ ለመምህራን ሥልጠና ካለው ጠቀሜታ አንጻር

መግቢያ

አንድ ሕፃን ትምህርት ቤት በገባበት ዕለት ስሙ ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር፣ ዕድሜውና አድራሻው በመዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከዚያም ዓመት በመጣ ቁጥር ውጤቱ በሮስተር፣ ጠባዩ በግል ማኅደሩ ላይ እየተጨመረ ይሄዳል። ይህን መዝገብ ማን እንደሚይዘው፣ በየትኛው ቁም ሣጥን ውስጥ እንደሚቀመጥና ለማን እንደሚታይ በትምህርት ሥራ ላይ የተሰማራን ሁሉ እናውቃለን፤ የማናውቅ እንኳ ብንሆን የምንጠይቀው ርእሰ መምህር ወይም የመዝገብ ቤት ኃላፊ አይጠፋም። ዛሬ ግን በዚያው ልጅ ኪስ ውስጥ የሚገኘው ስልክ ከመዝገብ ቤቱ እጅግ የሰፋ ማኅደር በየሰዓቱ ያዘጋጃል። ማኅደሩ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ምን እንደሚመዘገብበትና ለእነማን እንደሚካፈል ግን ከባለ ማኅደሩም ሆነ ከመምህሩ የተሰወረ ነው።

ይህ ሁኔታ እንዴት ሊፈጠር ቻለ? በተለምዶ የሚሰጠው መልስ «መረጃ ተሰረቀ» የሚል ነው። እርግጥ ስርቆትም ያጋጠመበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ በፍርድ ቤቶች፣ በምክር ቤቶችና በተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ የተመዘገበውን ማስረጃ በቅደም ተከተል ለሚመለከት ሰው የሚታየው ሌላ ነው። እጅግ የታወቀው የመረጃ ዝውውር የተፈጸመው በር ተሰብሮ ሳይሆን በፈቃድ ነው፤ ፈቃዱን የሰጠው ግን በአብዛኛው የመረጃው ባለቤት ሳይሆን የባለቤቱ ወዳጅ፣ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ አሠራር እንዴት እንደ ተጀመረ፣ እንዴት እንደ ተስፋፋና ምን እንዳስከተለ መመርመር ነው። ምሳሌው በይበልጥ ፌስቡክ የሆነው ኩባንያው ከሌሎቹ የከፋ ነው ለማለት ሳይሆን፣ ታሪኩ ከሌሎቹ ይልቅ በይፋ ሰነዶች ላይ የሰፈረ በመሆኑ ነው። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከማኅበራዊ መገናኛ በፊት

ስለ ግል መረጃ የሚደረገው ክርክር ከኮምፒዩተር በፊት የጀመረ ነው። በ1890 ሳሙኤል ዋረንና ሉዊስ ብራንዳይስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሕግ ባለሙያዎች በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ በጊዜው አዲስ የነበረው ተንቀሳቃሽ ፎቶግራፍ ማንሻና ወሬ አነፍናፊ ጋዜጣ የሰውን የግል ኑሮ እየደፈሩ መምጣታቸውን አመልክተው፣ ሰው ብቻውን የመተው መብት በሕግ ይከበርለት ዘንድ ጠየቁ። ኮምፒዩተር በየመሥሪያ ቤቱ መግባት ሲጀምር ደግሞ ጉዳዩ ከጋዜጣ ወደ መዝገብ ተሸጋገረ። በ1970 የምዕራብ ጀርመን ግዛት የሆነችው ሄሰን የመረጃ ጥበቃ ሕግ በማውጣት ቀዳሚ ስትሆን፣ በ1973 ስዊድን በአገር ደረጃ የመጀመሪያውን ሕግ አወጣች። በዚሁ ዓመት በአሜሪካ የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ያቋቋመው አማካሪ ኮሚቴ ስለ ኮምፒዩተር መዛግብት አንድ ዘገባ አቀረበ። ከዘገባው መሠረታዊ ሐሳቦች አንዱ፣ ለአንድ ጉዳይ ተብሎ ከሰው የተወሰደ መረጃ ያለ ሰውየው ፈቃድ ለሌላ ጉዳይ መዋል የለበትም የሚለው ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ኮሚቴው ፈቃዱን የሚሰጠው ራሱ ባለ ጉዳዩ መሆኑን ማስረዳት እንኳ አላስፈለገውም ነበር። ሌላ ማን ሊሰጥ ይችላል?

ይህ ዘገባ በ1974 ለወጣው የአሜሪካ ሕግ መነሻ ሆነ። ሕጉ ግን የሚመለከተው የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ስለ ነበር የግል ኩባንያዎች ከአጥሩ ውጭ ቀሩ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ «ኩኪ» የተባለውን ትንሽ ምልክት ፈለሰፈ። ኩኪ አንድ የኢንተርኔት ገጽ በጎብኚው ኮምፒዩተር ላይ የሚያስቀምጠውና ጎብኚው ተመልሶ ሲመጣ የሚያውቅበት ምልክት ነው፤ ደንበኛ የመረጣቸውን ዕቃዎች እንዳይረሳበት ታስቦ የተዘጋጀ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን የማስታወቂያ ድርጅቶች አንድን ሰው ከገጽ ወደ ገጽ እየተከታተሉ ምን እንዳነበበ ለመመዝገብ አዋሉት። ማኅበራዊ መገናኛ ሲወለድ እንግዲህ መከታተያው ዘዴ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው።

ከኮሌጅ ግቢ ወደ ዓለም

ፌስቡክ የተጀመረው በየካቲት 4 ቀን 2004 (የአውሮፓ ፌብሩዋሪ) በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በማርክ ዙከርበርግና በጥቂት የትምህርት ጓደኞቹ ነው። በመጀመሪያ አባል መሆን የሚችለው የዩኒቨርሲቲው የኢሜይል አድራሻ ያለው ብቻ ነበር። ቀጥሎም ሌሎች ኮሌጆች ተጨመሩ። አባሉ ስሙን፣ የተወለደበትን ቀን፣ የሚማርበትን ክፍል፣ የወደደውንና የጠላውን ያለ ሥጋት የጻፈው በአጥር የተከለለ የኮሌጅ ግቢ ውስጥ ያለ ስለ መሰለው ነው። በመስከረም 2006 ግን ዕድሜው 13 ዓመት ለሞላውና ኢሜይል ላለው ሁሉ በሩ ተከፈተ። በግቢው ውስጥ የተነገረው ነገር ግቢው ሲፈርስ በዚያው ቀረ።

በዚሁ ወር ሌላ ለውጥ ተደረገ። እስከዚያ ድረስ ስለ አንድ ወዳጁ ለማወቅ የፈለገ አባል ወደ ወዳጁ ገጽ ሄዶ መመልከት ነበረበት። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ሰው የጻፈውና ያደረገው ሁሉ «ኒውስ ፊድ» በተባለው አዲስ ሰሌዳ ላይ ለወዳጆቹ በራሱ ጊዜ የሚቀርብ ሆነ። በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች ተቃወሙ፤ ዙከርበርግም በደብዳቤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሰሌዳው ግን ቀረ። በጊዜው ይሰጥ የነበረው ምላሽ አዲስ የተገለጠ ምሥጢር የለም የሚል ነው፤ ይህም በቃል ደረጃ ሲታይ እውነት ነበር። ነገር ግን የፈተና ውጤትን በመዝገብ ቤት ፈልጎ ማግኘትና በሰልፍ ሰዓት በድምፅ ማጉያ ማንበብ አንድ ነው የሚል መምህር ካለ የተማሪን ስሜት አያውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ገቢው ምንጭ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ መምህራንም ሲሳሳቱበት ይታያል። ኩባንያው የአባላቱን መዝገብ እንደ ሸቀጥ ለነጋዴ አይሸጥም። የሚሸጠው መዳረሻን ነው። ነጋዴው «ዕድሜያቸው ይህን ያህል የሆነ፣ በዚህ ከተማ የሚኖሩ፣ በቅርቡ ጋብቻ ለመፈጸም ያሰቡ ሰዎች ማስታወቂያዬን ይዩልኝ» ይላል፤ ኩባንያው በእጁ ካለው መዝገብ እነማን እንደሆኑ ለይቶ ማስታወቂያውን ያሳያቸዋል። መዝገቡ በበዛና በጠራ መጠን የመዳረሻው ዋጋ ይጨምራል። በ2018 ኩባንያው ያገኘው ገቢ ወደ 55.8 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 98 በመቶ ያህሉ ከማስታወቂያ የተገኘ ነው። ስለዚህ ሰው በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ሲጽፍ ብቻ ሳይሆን ሳይጽፍም ስለ እርሱ ለማወቅ መፈለግ የንግዱ ጠባይ እንጂ የአንድ ሠራተኛ ክፋት አልነበረም።

የዚህ ፍላጎት የመጀመሪያ ትልቅ ሙከራ በኅዳር 2007 «ቢከን» በሚል ስም የወጣው አገልግሎት ነው። ከ40 በላይ የንግድ ድርጅቶች በገጻቸው ላይ የተደረገውን ግዢ ለፌስቡክ ያሳውቁ ነበር፤ ፌስቡክም ለገዢው ወዳጆች ይነግር ነበር። ለሚስቱ በድብቅ ቀለበት የገዛ አንድ ባል፣ ግዢው ስጦታው ከመሰጠቱ አስቀድሞ ለሚስቱም ለወዳጆቹም ተገልጦበታል። ጉዳዩ በ2008 ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በ2009 አገልግሎቱ ተዘጋ፤ ኩባንያውም 9.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ቢከን የወደቀው ሰው ስለ ራሱ ያልፈቀደውን ነገር በግልጽ በማሳየቱ ነው። በዚያው ዓመት የተጀመረው ሌላው አሠራር ግን ለዓይን የማይታይ ስለ ነበር ለብዙ ዓመታት ዘለቀ።

ለሌላ ሰው የተሰጠ ፈቃድ

በግንቦት 2007 ፌስቡክ የውጭ ድርጅቶችና ግለሰቦች ጨዋታዎችን፣ መጠይቆችንና ሌሎች መተግበሪያዎችን አዘጋጅተው በእርሱ ላይ እንዲያሠሩ መድረኩን ከፈተ። መተግበሪያው የተጠቃሚውን መረጃ ለማግኘት ፈቃድ ይጠይቃል። አሠራሩን በምሳሌ ብናየው ይሻላል። «ሀ» የተባለ ሰው «ለ»፣ «ሐ» እና «መ» የተባሉ ወዳጆች አሉት እንበል። «ሀ» የጨዋታ መተግበሪያ ከፍቶ «እሺ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን፣ መተግበሪያው የ«ሀ»ን መረጃ ብቻ ሳይሆን የ«ለ»ን፣ የ«ሐ»ንና የ«መ»ን የትውልድ ቀን፣ የመኖሪያ ከተማና የወደዷቸውን ገጾች ጭምር መውሰድ ይችል ነበር። «ለ» ጨዋታውን አላየውም፤ ስሙንም አልሰማም። መረጃው መወሰዱን የሚነግረው ማስታወቂያም አልነበረም።

በአገራችን ልማድ አንድ ሰው ለሌላው ዋስ ሲሆን የሚያስይዘው የራሱን ገንዘብና የራሱን ክብር ነው። የጎረቤቱን በሬ አስይዞ ዋስ የሚሆን ሰው ቢገኝ ዳኛው ራሱ ይስቅበታል። በዚህ አዲስ መድረክ ላይ ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ሳያውቁት የጎረቤታቸውን በሬ አስያዙ። ጥፋቱን በእነዚህ ሰዎች ላይ ብቻ መጣልም አይገባም። ቁልፉን ሲጫኑ የቀረበላቸው ጽሑፍ አጭርና ድፍን ነበር፤ ወዳጅን መጥቀሱ ደግሞ ጨዋታውን አብሮ ለመጫወት ይመስል ነበር።

ይህ አሠራር በይፋ የተጋለጠው ብዙዎች እንደሚያስቡት በ2018 አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በኅዳር 2011 በኩባንያው ላይ ስምንት ነጥቦች ያሉት ክስ አውጥቶ ስምምነት ላይ መድረሱን ሲያስታውቅ፣ ከክሱ ነጥቦች አንዱ ቃል በቃል ባይሆን በይዘቱ እንዲህ የሚል ነበር፦ ተጠቃሚው መረጃውን «ለወዳጆች ብቻ» ብሎ ቢገድብም፣ ወዳጆቹ የሚጠቀሙባቸው መተግበሪያዎች ያንኑ መረጃ ያገኙት ነበር። በስምምነቱ መሠረት ኩባንያው ለ20 ዓመት በየሁለት ዓመቱ በውጭ ገምጋሚ እንዲመረመር ተወሰነ። ነገሩ ታውቋል፣ ተጽፏል፣ ተፈርሟል። የወዳጅ ፈቃድ ግን ከዚህ በኋላም ሥራ ላይ ቆየ። ከታሪኩ ሁሉ ለማስረዳት የሚያስቸግረው ይህ ክፍል ነው።

ከአንድ መጠይቅ የተነሣው ጉዳይ

በ2013 ኮሲንስኪ፣ ስቲልዌልና ግሬፕል የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ከ58 ሺህ በላይ ፈቃደኞች በፌስቡክ ላይ «ላይክ» ካደረጓቸው ገጾች ብቻ የሰዎቹን ጠባይና አቋም መገመት እንደሚቻል በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት አሳተሙ። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ሰው የዴሞክራት ወይም የሪፐብሊካን ፓርቲ ደጋፊ መሆኑን በ85 በመቶ ትክክለኛነት መለየት ተችሎ ነበር። ጥናቱ የተሠራው በፈቃደኞች መረጃ ሲሆን ተመራማሪዎቹም አደጋውን አመልክተዋል። ለጉዳያችን ዋናው ቁም ነገር፣ ተራ የሚመስል ምርጫ ተራ እንዳልሆነ መረጋገጡ ነው።

በዚሁ ጊዜ አሌክሳንደር ኮጋን የተባለ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ተመራማሪ አንድ የጠባይ መጠይቅ ያለበት መተግበሪያ አዘጋጀ። መጠይቁን ሞልተው መተግበሪያውን የተቀበሉት ሰዎች 270 ሺህ ያህል ነበሩ። በወዳጅ ፈቃድ አማካይነት ግን መተግበሪያው የደረሰበት ሕዝብ፣ ፌስቡክ በሚያዝያ 2018 እንዳመነው፣ እስከ 87 ሚሊዮን ይደርሳል። ሒሳቡን ለሠራው ሰው አንዱ ተሳታፊ በአማካይ ከ320 የሚበልጡ ሰዎችን መረጃ አሳልፎ ሰጥቷል ማለት ነው። ኮጋንም መረጃውን ካምብሪጅ አናሊቲካ ለተባለው፣ ለፖለቲካ ዘመቻዎች ይሠራ ለነበረው ድርጅትና ለእናት ኩባንያው አስተላለፈ። ከፌስቡክ ወደ መተግበሪያው የተደረገው ዝውውር የመድረኩ ደንብ የፈቀደው ነበር፤ ደንብ የተጣሰው ከመተግበሪያው ወደ ሦስተኛው ወገን ሲሻገር ነው። ይህ ልዩነት በክፍል ውስጥ ሲብራራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ፌስቡክ በሚያዝያ 2014 የወዳጅ ፈቃድን እንደሚያስቀር አስታወቀ፤ ነባር መተግበሪያዎች ግን የአንድ ዓመት ጊዜ ተሰጣቸው። በታኅሣሥ 2015 ዘ ጋርዲያን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ የመረጃውን መተላለፍ ጻፈ። ኩባንያው መረጃው እንዲደመሰስ ጠየቀ፤ መደምሰሱን የሚገልጽ ማረጋገጫም ተቀበለ። መረጃቸው ለተወሰደባቸው ሰዎች የተነገራቸው ግን የለም። በመጋቢት 2018 የድርጅቱ የቀድሞ ሠራተኛ ክሪስቶፈር ዋይሊ ለጋዜጦች ሲናገር ዓለም ሰማው። ዙከርበርግ በሚያዝያ 10 እና 11 (የአውሮፓ ኤፕሪል) በአሜሪካ ምክር ቤቶች ፊት ቀርቦ ተጠየቀ፤ ካምብሪጅ አናሊቲካም በግንቦት ወር መጀመሪያ ሥራውን አቆመ።

ስለ ቅጣቱ ባጭሩ። የእንግሊዝ የመረጃ ኮሚሽነር 500,000 ፓውንድ፣ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደግሞ በሐምሌ 2019 5 ቢሊዮን ዶላር አስከፈሉ። ሁለተኛው በወቅቱ በዓይነቱ ትልቁ ቅጣት ቢሆንም ከኩባንያው የአንድ ወር ገቢ እምብዛም አይበልጥም። እንዲሁም የእንግሊዙ ኮሚሽነር ምርመራውን ሲዘጋ በ2020 በጻፈው ደብዳቤ፣ ካምብሪጅ አናሊቲካ የተጠቀመባቸው ዘዴዎች በአብዛኛው ማንም ሊያገኛቸው የሚችሉ የተለመዱ ዘዴዎች መሆናቸውን ገልጿል። ድርጅቱ የሰውን ልብ በአስማት እንደ ለወጠ አድርጎ ማቅረብ እንግዲህ ማስረጃው የማይደግፈው ነገር ነው፤ በዚያውም ትኩረታችንን ከመድረኩ ደንብ ወደ አንድ ክፉ ድርጅት ያዞራል።

አባል ያልሆነ ሰው ማኅደር

እስካሁን ያየነው ስለ ፌስቡክ አባላት ነው። ከዚህ የሚከፋው አባል ያልሆነው ሰው ሁኔታ ነው። ተጠቃሚው «ወዳጆችህን እንፈልግልህ» ተብሎ ሲጠየቅና እሺ ሲል፣ በስልኩ ወይም በኢሜይሉ ውስጥ ያለው የስምና የቁጥር ዝርዝር ሁሉ ወደ ኩባንያው ይተላለፋል። በሰኔ 2013 ፌስቡክ በአሠራሩ ላይ በደረሰ ስሕተት የ6 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች ኢሜይልና ስልክ ቁጥር ለሌሎች መገለጡን አስታወቀ። ከስሕተቱ ይልቅ የሚያስገርመው ስሕተቱ ያሳየው ነገር ነበር፤ ከተገለጡት ቁጥሮች መካከል ባለቤቶቹ ራሳቸው ለኩባንያው ያልሰጧቸው፣ ከሌሎች ሰዎች ዝርዝር ተሰብስበው በእነርሱ ስም የተቀመጡ ነበሩ። በ2019 ደግሞ ከ2016 ጀምሮ የ1.5 ሚሊዮን አዳዲስ አባላት የኢሜይል አድራሻ ዝርዝር «ሳይታሰብ» መገልበጡን ኩባንያው አመነ። ዙከርበርግም በ2018 በምክር ቤት ሲጠየቅ፣ አባል ያልሆኑ ሰዎች መረጃ ለደኅንነት ጥበቃ ሲባል እንደሚሰበሰብ ተናግሯል።

በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት የተስማማበት ዋትስአፕም ለዚህ ምሳሌ ነው። ፌስቡክ ግዢውን ለአውሮፓ ኮሚሽን ሲያቀርብ የሁለቱን አገልግሎቶች አባላት በቀጥታ ማዛመድ እንደማይቻል ገልጾ ነበር። በነሐሴ 2016 ግን ዋትስአፕ የተጠቃሚዎቹን ስልክ ቁጥር ለፌስቡክ እንደሚያካፍል አስታወቀ፤ በግንቦት 2017 ኮሚሽኑ የተሳሳተ መረጃ ሰጥቷል በማለት 110 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው።

እዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከራሱ የሥራ ገጠመኝ አንዱን ቢጠቅስ አንባቢ ይቅር ይበለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች የሚሰማሩ ዕጩ መምህራንን በቀላሉ ለማግኘት የቴሌግራም ቡድን ያስፈልጋል በሚል፣ ስም፣ የትውልድ ቦታና ስልክ ቁጥር የሚሞላበት ቅጽ አዘጋጅቼ ለየክፍሉ ተጠሪዎች አደልሁ። ተጠሪዎቹም ሥራውን ለማቃለል ጓደኞቻቸውን ሳይጠይቁ ከየስልካቸው እየገለበጡ ሞልተው በማግሥቱ መለሱ፤ እኔም አመሰገንኋቸው። ዝርዝሩ በፎቶግራፍ ተነሥቶ በቡድኑ ውስጥ ተለጠፈ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ቡድኖች ተሻገረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት ዕጩ መምህርት ወደ ቢሮዬ መጣች። የያዘችው ኢንተርኔት የማይሠራበት ተራ ስልክ ነው፤ የማንኛውም ማኅበራዊ መገናኛ አባል አይደለችም። የማታውቃቸው ወንዶች ሌሊት እየደወሉ በስሟ ይጠሯታል፤ የመጣችበትንም አገር ይነግሯታል። «መምህር፣ እኔ ቁጥሬን ለማንም አልሰጠሁም፤ ታዲያ ማን ነው የሰጠው?» አለችኝ። ቁጥሩን የሰጠችው የቅርብ ጓደኛዋ ነበረች። ጓደኛዋ የሰጠችው እኔ ስለ ጠየቅሁ ነው። እኔ የጠየቅሁት ለሥራ ነው። ከሦስታችን አንዳችንም ክፉ አላሰብንም፤ ልጅቱ ግን ሲም ካርዷን ቀየረች፤ ቤተሰቦቿ አዲሱን ቁጥር እስኪያገኙ ድረስም ልምምዷን አቋርጣ ነበር።

ሕጉ የደረሰበትና ያልደረሰበት

በ2011 ማክስ ሽሬምስ የተባለ ኦስትሪያዊ የሕግ ተማሪ ፌስቡክ ስለ እርሱ የያዘውን ሁሉ እንዲሰጠው በአውሮፓ ሕግ መሠረት ጠየቀ። የተላከለት ሰነድ 1,222 ገጽ ነበር፤ የሰረዛቸው መልእክቶች ሳይቀሩ በውስጡ ይገኙ ነበር። ከዚህ የተነሡት ክሶች መረጃ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚተላለፍባቸውን ሁለት ስምምነቶች በ2015 እና በ2020 በአውሮፓ ፍርድ ቤት አስሽረዋል። በ2023 የአየርላንድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዚሁ ጉዳይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣ። በግንቦት 2018 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብም ፈቃድ ግልጽ፣ የተለየና በነፃነት የተሰጠ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል።

ከሕጉ ይልቅ ያስተማረው ግን በ2021 አፕል ባደረገው ለውጥ የታየው ነገር ሳይሆን አይቀርም። አፕል በስልኮቹ ላይ ያለ እያንዳንዱ መተግበሪያ ተጠቃሚውን በሌሎች ገጾችና መተግበሪያዎች ላይ ከመከታተሉ በፊት በአንድ አጭር ጥያቄ እንዲያስፈቅድ አስገደደ። ብዙዎች «አልፈቅድም» አሉ። ሜታም በዚህ ምክንያት በ2022 ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ እንደሚያጣ ገመተ። ለዓመታት «ተጠቃሚው ፈቅዷል» ሲባል የኖረው ፈቃድ፣ ባለቤቱ ፊት ለፊት ሲጠየቅ ምን ያህል ቀጭን እንደ ነበረ ከዚህ ቁጥር መረዳት ይቻላል።

በአገራችን የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትና የመልእክት ልውውጥ እንዲከበር ይደነግጋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃን ስለ መጠበቅ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። አዋጁ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል የሚያዘውን መሠረተ ሐሳብ ስለ ያዘ፣ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆችም መዝገባቸውን ከዚህ አንጻር መመርመር ይኖርባቸዋል። ሆኖም ሕግ የማይደርስበት ስፍራ አለ። የአውሮፓው ደንብ አንድ ግለሰብ ለግል ወይም ለቤተሰብ ጉዳይ ብቻ የሚይዘውን መረጃ አይመለከትም፤ ይህም ትክክል ነው፤ ስለ አክስቱ ስልክ ቁጥር ፈቃድ እንዲያወጣ የሚገደድ ሰው ሊኖር አይገባም። ነገር ግን የታሪካችን መነሻ የሆነው ወዳጅ የሚገኘው እዚሁ ክፍተት ውስጥ ነው።

ትምህርቱን የት እናስገባው?

በመምህራን ማሠልጠኛ ይህ ርእስ የሚነሣው በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ውስጥ ሲሆን፣ የሚሰጠውም በአብዛኛው የይለፍ ቃልን ስለ ማጠንከርና በሴቲንግ ውስጥ የትኛውን ቁልፍ ስለ መዝጋት ነው። ይህ አይጠቅምም አይባልም። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቁልፎቹ በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ ዕጩ መምህሩ ተመርቆ ገጠር እስኪደርስ ድረስ የተማረው ያረጃል። ሁለተኛና ዋናው ደግሞ፣ ተማሪው ራሱን ከሌላው እንዲጠብቅ እንጂ ሌላውን ከራሱ እጅ እንዲጠብቅ አያስተምረውም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አስተያየት ርእሱ ወደ ዜግነት ትምህርትና ወደ ታሪክ ማስተማሪያ ዘዴ እንዲሻገር ነው። የ270 ሺህና የ87 ሚሊዮን ሒሳብ በ8ኛ ክፍል ሊሠራ የሚችል ማካፈል ነው። የ2007፣ የ2011፣ የ2014ና የ2018 ክንውኖችን በጊዜ መስመር ላይ አስፍሮ፣ በ2011 የታወቀው ነገር በ2018 ለምን እንደ አዲስ እንደ ተሰማ ማወያየትም ምክንያትና ውጤትን ለማስተማር ከብዙዎቹ የመማሪያ መጻሕፍት ምሳሌዎች የተሻለ ነው።

ባለፉት ሁለት የሥልጠና ዘመናት ከባልደረቦቼ ጋር የሞከርነው አንድ መልመጃ አለ። ዕጩ መምህሩ ስልኩን አውጥቶ የኮንታክት ዝርዝሩን እንዲያነቡ የፈቀደላቸውን መተግበሪያዎች ይቆጥራል፤ ቀጥሎ በዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ይቆጥራል፤ በመጨረሻም ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን አስፈቅዶ እንደ ነበር ይጽፋል። ስልክ የሌለው ዕጩ መምህር በስንት የክፍሉ ልጆች ስልክ ውስጥ ስሙ እንደሚገኝ ይጠይቃል። በሦስተኛው መስመር ላይ እስካሁን ከዜሮ ሌላ የጻፈ አላጋጠመንም። መልመጃው 40 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። ውይይቱ ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ ስለማያልቅ በተከታታይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢመደብለት ይመረጣል።

የተግባር ልምምዱ ቅጽም ተለውጧል። አሁን እያንዳንዱ ዕጩ መምህር ቅጹን ራሱ ቀርቦ ይሞላል፤ ቁጥሩ ለማን እንደሚታይ በቅጹ ራስጌ ተጽፏል፤ የትውልድ ቦታ የሚለው ዓምድ፣ ከመጀመሪያውም ለምን እንዳስገባሁት ለባልደረቦቼ ማስረዳት ስላልቻልሁ፣ ወጥቷል።